የእድሜ ልክ ጋራንቲ ያለው ባይኖኩላር ጎንደር ላይ ቢበላሽስ?

በዚህ ሳምንት የምመልሰው ደብዳቤ ከአንድ የጎንደር አስጎብኚ የመጣ ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ፒያሳ አካባቢ ነው። ሥራዬ ቱሪስት ወደ ስሜን ተራሮች ይዞ መውጣት ነው። ከስድስት ዓመት በፊት አራት ቀን አብረውኝ የተጓዙ አሜሪካውያን ባልና ሚስት ሲሰናበቱኝ ባይኖኩላራቸውን ሰጡኝ። 8 በ42 ነው፣ ማለትም ስምንት እጥፍ አቅርቦ የሚያሳይ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊሜትር የሆነ። ከዚያ ወዲህ እንጀራዬ ሆኗል ማለት ይቻላል። ባለፈው ክረምት ማብቂያ ጨነቅ ካምፕ ልንደርስ ስንል ከበቅሎ ጭነት ላይ ወድቆ ድንጋይ መታው። አሁን በቀኝ በኩል ውስጡ ጉም ይይዛል። ረዘም ላለ ሰዓት ሳይበት ደግሞ ራሴን ያመኛል። አንድ ሰዓት ሰሪ ‹ከፍቼ እጠርግልሃለሁ› ብሎኛል። ጓደኛዬ ደግሞ የእድሜ ልክ ጋራንቲ አለው ይላል። ሌሎች ይህን ሲሰሙ የፈረንጅ ወሬ ነው ብለው ይስቃሉ። ደረሰኝ የለኝም፣ የገዛሁትም እኔ አይደለሁም። እኔ ነኝ የገዛሁት ብዬ ልጻፍላቸው? ከዚህስ እንዴት ይላካል? አጎቴም የዚሁ ፋብሪካ የጠመንጃ መነጽር አለው፣ ልጁ ከውጭ ያመጣለት ነው። እሱም ተበላሽቷል ይላል። ሁለቱን አንድ ላይ ብንልካቸውስ?»

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ሰዓት ሰሪው ጋ አትውሰደው። ወስደኸው ከሆነም ሳይከፍተው ዛሬውኑ ተቀበለው። ሰውየው አይችልም ማለቴ አይደለም፣ በሰዓት ላይ እጁ የተባረከ ሊሆን ይችላል። ይህ ግን ሰዓት አይደለም። ውሃ የማያስገባ ባይኖኩላር ሲሠራ ፋብሪካው ውስጥ ያለውን አየር አስወጥተው በምትኩ ደረቅ ናይትሮጅን፣ አንዳንዶቹ ደግሞ አርጎን የሚባል ጋዝ ሞልተው በላስቲክ ቀለበት ያሽጉታል። ጋዙ እርጥበት ስለሌለው ብርድ ቢመታውም ውስጡ አያልበውም። ያንተ ሲወድቅ ማሸጊያው አንድ ቦታ ላይ ላላ፣ ጋዙ ወጣ፣ የጨነቅ አየር ገባ። ሰዓት ሰሪው ከፍቶ ቢጠርገው ለሳምንት ያህል ንጹህ ይሆንልሃል። ከዚያ ከ3,600 ሜትር በላይ አንድ ሌሊት ስታድርበት ጉሙ ተመልሶ ይመጣል፣ ምክንያቱም ናይትሮጅን የሚሞላበት መሣሪያ የለውም። ያኔ ጋራንቲውም አብሮ ሄዷል።

ይህን የምልህ በራሴ ደርሶ ስላየሁት ነው። ፎቶ ቤት እሠራ በነበረበት ጊዜ የሁለት ዓመት ጋራንቲ ያለው የካሜራ ሌንስ ነበረኝ። ገና ዓመት ሳይሞላው ውስጡ ጉም ያዘ። ውጭ አገር መላኩ ረጅም መስሎ ታየኝና እዚሁ አንድ ሰው ከፈተልኝ። አልሆነም። ከዚያ በዘመድ እጅ ላክሁት። ከአራት ወር በኋላ እንዳለ ተመለሰ፣ አንዲት ወረቀት ብቻ ተጣጥፋ ካርቶኑ ውስጥ አገኘሁ። ከእኛ ውጭ ሰው ከፍቶታል፣ ጋራንቲው አይሠራም ነው የምትለው። እንዴት አወቁ ብዬ ሌንሱን መስኮት ዳር ይዤ በአጉሊ መነጽር አየሁት። የአንዷ ብሎን ጥርስ ጫፏ ላይ ተልጦ ጥቁሩ ቀለም ለቋል፣ ነጩ ብረት ይታያል። የጤፍ ፍሬ አታህልም። በዚያች የተነሳ ሙሉ ዋጋ ከፍዬ ሌላ ገዛሁ። እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል፣ ስለዚህ አንተን አደራ እልሃለሁ፣ አታስነካው።

አሁን ቁጭ ብለህ በትክክል ምኑ እንደተበላሸ እንይ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩልና ያልተበላሸ ዕቃ ይልካል።

በመጀመሪያ ጉሙ ከውጭ ነው ከውስጥ? ጠዋት ከድንኳን ስትወጣ የዓይን መስታወቱ በትንፋሽህ ሊሸፈን ይችላል፣ እሱ ጤናማ ነው። ንጹህ በሆነ ለስላሳ ጨርቅ ጥረገው። ከተጠረገ በኋላም ጭጋጉ እዚያው ካለ፣ ወይም የፊቱን መስታወት ወደ ብርሃን ስታዞረው ከኋላው ጠብታ ወይም እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ከታየህ፣ ነገሩ ውስጥ ነው። ድር የሚመስለው ሻጋታ ነው። ሻጋታ ሲቆይ የመስታወቱን ቀለም ቅብ ስለሚበላ እሱን ካየህ ዛሬ ነገ አትበል።

ራስህን የሚያምህ ነገር ደግሞ ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ከቀኙ የዓይን መስታወት ሥር የምትዞር ቀለበት አለች፣ የሁለቱን ዓይኖችህን ልዩነት የምታስተካክል ናት። በቅሎ ጭነት ላይ እየተንቀጠቀጠች ትዞራለች፣ ወይም ሲወድቅ ትዞራለች፣ ባለቤቱም ተበላሸ ይላል። ስለዚህ የቀኙን የፊት መስታወት በእጅህ ሸፍንና በግራ ዓይንህ ብቻ አንድ የሩቅ ነገር እያየህ በመሃሉ ተሽከርካሪ አጥራው። ከዚያ ግራውን ሸፍነህ መሃሉን ሳትነካ በዚያች ቀለበት ቀኙን አጥራ። በቃ። አንዳንዴ ችግሩ እዚህ ላይ ያልቃል።

ካላለቀ ወደ ሦስተኛው ሂድ። ሩቅ ያለ የቆርቆሮ ጣሪያ ጫፍ ፈልግ፣ ቀጥ ያለ አግዳሚ መስመር ያለው። ባይኖኩላሩን ምርኩዝ ላይ ወይም ግንብ ላይ አስደግፈህ እየው፣ ከዚያ ራስህን ቀስ እያልክ ወደ ኋላ ሳብ አድርግ። ሁለት ትንንሽ ክቦች ይታዩሃል። የጣሪያው መስመር ከግራው ክብ ወደ ቀኙ ሳይሰበር ካለፈ ደህና ነው። በአንዱ ከፍ፣ በአንዱ ዝቅ ብሎ ከታየህ ውስጥ ያለው ፕሪዝም፣ ማለትም ምስሉን የሚያቃናው ብርጭቆ፣ ከቦታው ተንቀሳቅሷል። አእምሮህ ሁለቱን ምስል አንድ ለማድረግ ቀኑን ሙሉ ይታገላል፣ ራስ ምታቱ ከዚያ ነው የሚመጣው። ይህን በግምት የሚያቃና ሰው የለም። የማስተካከያ መሣሪያ ባለበት ብቻ ነው የሚሠራው። እንደ ነገርከኝ ከሆነ ያንተ ሁለቱም ሳይደርስበት አልቀረም፣ ማሸጊያውም ፕሪዝሙም።

ወደ ጋራንቲው ልምጣ። የፈረንጅ ወሬ አይደለም፣ እውነት ነው። ስንቱ ሰው በዚህ «ወሬ ነው» በሚል ቃል ብቻ መብቱን መሳቢያ ውስጥ እንደቆለፈ ሳስብ ይቆጨኛል። የባይኖኩላርና የጠመንጃ መነጽር ፋብሪካዎች ብዙ ጊዜ አንድ ናቸው። ቮርቴክስ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለምሳሌ ጋራንቲውን ለሰው ሳይሆን ለዕቃው ነው የሚሰጠው። ደረሰኝ አይጠይቅም፣ ያስመዘገብክበትን ካርድ አይጠይቅም፣ መጀመሪያ የገዛው ማን እንደሆነም አይጠይቅም። ቢወድቅ ይሸፍናል። የማይሸፍነው የጠፋን፣ የተሰረቀን፣ ሆን ተብሎ የተሰበረን፣ እንዲሁም ማየትን የማይከለክል ጭረትን ነው። ሊዩፖልድ የሚባለውም ለጠመንጃ መነጽሮቹ እንዲህ ያለ የእድሜ ልክ ጋራንቲ በመስጠት የታወቀ ነው። ይህ ኩባንያ በ1907 እንደ ፈረንጆቹ ኦሪገን ውስጥ ሲጀመር የመሬት ቀያሾችን መሣሪያ የሚጠግን ትንሽ ሱቅ ነበር። ወደ ጠመንጃ መነጽር የገባው ከባለቤቶቹ የአንዱ ልጅ ማርከስ ሊዩፖልድ አደን ወጥቶ መነጽሩ ጉም ስለያዘበት አጋዘኑ ካመለጠው በኋላ ነው ይባላል። ያንተም በሽታ ያው ጉም ነው። ጥገና የጀመሩ ሰዎች ስለሆኑም ይመስለኛል የተበላሸ ዕቃ ሲመጣላቸው ፊታቸው የማይጠቁረው።

ደግሞ እንደ ልመና አትቁጠረው። የእድሜ ልክ ጋራንቲ ያለበት ዕቃ ሲሸጥ የጥገናው ሂሳብ ዋጋው ውስጥ ገብቷል። እነዚያ ባልና ሚስት ሲገዙት ያንተንም ጥገና አብረው ከፍለዋል። ስትጽፍ ቀና ብለህ ጻፍ።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። «እድሜ ልክ» የሚለው ቃል በሁሉም ኩባንያ አንድ ትርጉም የለውም። አንዳንዱ የመጀመሪያው ገዢ በእጁ ይዞት እስካለ ድረስ ብቻ ይላል። አንዳንዱ መስታወቱንና አካሉን እድሜ ልክ፣ ባትሪ የሚጠቀመውን ክፍል ግን ለጥቂት ዓመት ብቻ ይሸፍናል። አንዳንዱ አሜሪካ ውስጥ ለተሸጠና አውሮፓ ውስጥ ለተሸጠ የተለያየ ቃል አለው። ስለዚህ የኩባንያህን የጋራንቲ ገጽ ራስህ አንብበው፣ እንግሊዝኛውን ትችላለህ፣ ሥራህ ነው። ሁለት መስመር ፈልግ፤ ማንን ነው የሚሸፍነው፣ እና ምንን ነው የማይሸፍነው። ሌላው ማስታወቂያ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ። እኔ ነኝ የገዛሁት ብለህ ልትጽፍ? አይሆንም። አትዋሽ። መዋሸቱ ኃጢአት ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ አያዋጣህም። ዕቃው ላይ ሲሪያል ቁጥር አለ፣ ብዙ ጊዜ ሁለቱን ክፍል ከሚያያይዘው ማጠፊያ አካባቢ ወይም ከሥሩ ተጽፎ ታገኘዋለህ። በዚያ ቁጥር ፋብሪካው መቼ እንደተሠራ፣ ለየትኛው ሻጭ እንደተላከ ማየት ይችላል። የት ገዛኸው ሲሉህ ምን ልትል ነው? አንዴ ቃልህ ከተጠረጠረ ሁሉም ነገር ይጠረጠራል። ለሁለተኛ ባለቤት የሚሸፍን ኩባንያ ከሆነ ውሸቱ አላስፈለገም። ለመጀመሪያ ገዢ ብቻ የሚል ከሆነ ደግሞ ከውሸት የተሻለ መንገድ አለህ፣ እሱም ሰጪዎቹ ናቸው።

አድራሻቸው አለህ አይደል? አስጎብኚ ነህ፣ የቱሪስት ኢሜይል አይጠፋህም። ጻፍላቸው። የሰጣችሁኝ ዕቃ ስድስት ዓመት አገልግሎኛል፣ ጨነቅ ላይ ወደቀብኝ፣ እንዲህ ሆነ በላቸው። የመጀመሪያ ገዢዎቹ እነሱ ናቸው፣ ፋብሪካው ያለው በእነሱ አገር ነው፣ የሚጠየቅ ነገር ካለ በስማቸው መጠየቅ ይችላሉ። ደረሰኙም እነሱ ዘንድ ይኖር ይሆናል። ሰው የሰጠው ስጦታ ሥራ ላይ እንደዋለ ሲሰማ ደስ ይለዋል። ይሉኝታ ያዘኝ እንዳትል፣ ዝም ብለህ መሳቢያ ውስጥ ብትወረውረው ነበር የሚያዝኑት።

ለኩባንያው የምትጽፈው ደብዳቤ አጭር ይሁን። የሞዴሉን ስምና ሲሪያል ቁጥሩን ጻፍ። ከማን በስጦታ እንዳገኘኸው ተናገር። እንዴት እንደወደቀ እንዳለ ንገራቸው፣ ዝም ብሎ ጉም ያዘ አትበል፣ ሲከፍቱት የመውደቁን ምልክት ያዩታልና። ሦስት ፎቶ ጨምር፤ ሙሉውን፣ ሲሪያል ቁጥሩን፣ ጉሙን ከፊት በኩል። ኢትዮጵያ እንደምትኖር ገልጸህ የሚቀርብህ የጥገና ወኪል የት እንዳለ፣ የመመለሻውን ማጓጓዣ ማን እንደሚከፍል ጠይቃቸው። ብዙዎቹ የመላኪያውን ባለቤቱ፣ የመመለሻውን እነሱ የሚከፍሉት በራሳቸው አገር ውስጥ ሲሆን ነው፣ ወደ እኛ ሲሆን ሌላ ሊሆን ይችላል። መልስ ሳይሰጡህና የጥገና ቁጥር ሳይሰጡህ አትላክ። ቁጥር የሌለው ካርቶን መጋዘን ውስጥ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ይቀመጣል።

እስካሁን ያልኩህ ሁሉ ቀላሉ ነው። አስቸጋሪው መመለሱ ነው። ደጋግሜ የማየው ስህተት ይኸው ነው፤ ሰው ዕቃው እንዴት እንደሚወጣ ብቻ ያስባል፣ ተጠግኖ እንዴት እንደሚገባ የሚያስበው ከተያዘ በኋላ ነው። ባይኖኩላር ቦሌ ላይ ጉምሩክ የሚያስቆመው ዕቃ እንደሆነ አንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃለህ። ወፍ ለማየት የመጡ እንግዶችህ ስንቴ እዚያ ቆመው አስጎብኚ ድርጅቱ ደብዳቤ እስኪያመጣ ጠብቀዋል? የሚመለሰው ያንተ ዕቃም ያው ባይኖኩላር ነው። ስለዚህ ከመላክህ በፊት ከምትሠራበት ድርጅት ወይም ከማኅበራችሁ ደብዳቤ አጽፍ፤ ዕቃው ለአስጎብኚነት ሥራ የሚያገለግል መሆኑን፣ ለጥገና ወጥቶ እንደሚመለስ፣ ሲሪያል ቁጥሩንም ጨምሮ። ደብዳቤውን ይዘህ ጉምሩክ ሂድና ለጥገና የሚወጣ ዕቃ መሆኑን አስመዝግበህ ወረቀት ተቀበል። ይህ ካልተደረገ ሲመለስ እንደ አዲስ የገባ ዕቃ ቀረጥ ሊጠየቅበት ይችላል፣ ከነጭራሹ ሊያዝም ይችላል።

እዚህ ላይ ማንም የማያስበውን አንድ ነገር ልንገርህ። ኩባንያው ያንተን ጠግኖ ላይመልስልህ ይችላል። የአንዱ ባይኖኩላር ጥገና ከአዲሱ ዋጋ ከበለጠባቸው፣ ወይም ሞዴሉ መሠራት ካቆመ፣ በሌላ ተመሳሳይ ይቀይሩልሃል። ደስ ይላል፣ ግን የተቀየረው ሲሪያል ቁጥሩ ሌላ ነው። አንተ ጉምሩክ ያስመዘገብከው የድሮውን ነው። ሠራተኛው ወረቀቱን ከዕቃው ጋር ሲያመሳክር አይገጥምም፣ እሱም ልክ ነው። ስለዚህ ገና ስትጽፍላቸው፣ ከቀየራችሁልኝ ይህኛው ሲሪያል በዚህኛው ተተክቷል፣ በጋራንቲ ነው፣ ክፍያ የለውም የሚል ወረቀት ካርቶኑ ውስጥ አድርጉልኝ በላቸው። ይህችን ወረቀት በኢሜይልም አስልካት።

መላኪያውን በሁለት መንገድ ማድረግ ትችላለህ። አንደኛው ፖስታ ቤት ነው፣ ያ ፒያሳ ያለው የጣሊያን ጊዜ ሕንጻ። 8 በ42 የሆነ ባይኖኩላር ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ600 እስከ 800 ግራም ስለሆነ ከነካርቶኑ አንድ ኪሎ አካባቢ ይሆናል። መጀመሪያ ባዶ እጅህን ሂድና የአንድ ኪሎ ሂሳቡን ጠይቅ። የመሄጃና የመመለሻው ድምር ከዕቃው ዋጋ ግማሽ ከበለጠ እኔ ብሆን አልልክም፣ ሰው እጠብቃለሁ። ሁለተኛው መንገድ እሱ ነው። ለጥምቀት ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ወይም የዘመድ ዘመድ ጎንደር ላይ አይጠፋም። ጥር 11 አልፎ ሲመለስ በእጅ ሻንጣው ይዞልህ ይሂድ፣ እዚያ እንደደረሰ በአገር ውስጥ ፖስታ ይላከው፣ መመለሻ አድራሻው የእሱ ወይም የባልና ሚስቱ ይሁን። የጉምሩክና የድርጅቱን ወረቀት ግን በዚህኛውም መንገድ አትርሳ፣ ይዞ የሚመጣው ሰው እጅ ላይ መገኘት አለበት። አንድ ዓመት ሊፈጅ ይችላል ካልከኝ አዎ፣ ሊፈጅ ይችላል።

ስታሽገው ማንጠልጠያውን፣ ቦርሳውን፣ የመስታወት ክዳኖቹን አውልቀህ ቤት አስቀር። ከተቀየረልህ እነሱ አብረው ሊጠፉ ይችላሉ። ዕቃውን በስፖንጅ ወይም በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለህ በሁሉም በኩል አራት ጣት ያህል ክፍተት ሙላበት። ካርቶኑን ስትነቀንቀው ድምፅ ከሰማህ እንደገና እሸገው።

ለሌሎቻችሁ አንባቢዎች ደግሞ ጣል ላድርግ። እዚሁ አገር ውስጥ ከሱቅ ለገዛ ሰው ነገሩ ሌላ ነው። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት የገዛችሁት ዕቃ ጉድለት ካለበት በገዛችሁ በ15 ቀን ውስጥ ሻጩ እንዲቀይርላችሁ ወይም ገንዘባችሁን እንዲመልስ መጠየቅ ትችላላችሁ። የተሻለ ጋራንቲ ሰጥቷችሁ ከሆነ እሱ እንደተጠበቀ ነው። ስለዚህ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ሲሪያል ቁጥሩንም ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። ታዋቂ ስም ተለጥፎበት በርካሽ የሚሸጥ ፎርጅድ ባይኖኩላርም ሞልቷል፣ እሱን ፋብሪካው አያውቀውምና የእድሜ ልክ ጋራንቲ ብላችሁ ብትልኩ መልሱ አንድ ነው።

አሁን ወደ አጎትህ። ሁለቱን አንድ ካርቶን ውስጥ እንዳታደርግ፣ በጭራሽ። የጠመንጃ መነጽር ጋራንቲው ከባይኖኩላሩ ጋር አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል፣ ሕጉ ግን አንድ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት የጠመንጃ መነጽርን ወደ ውጭ ሲወጣ ቁጥጥር ከሚያደርግባቸው ዕቃዎች መድቦታል፣ ኩባንያው ልጠግን ቢል እንኳ ያለ ፈቃድ ወደ ኢትዮጵያ መልሶ ላይልክለት ይችላል። በእኛም በኩል የጦር መሣሪያ ነገር በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ነው። ያንተ ባይኖኩላር ከእሱ ጋር ቢገኝ አብሮ ይያዛል። ለጥምቀት የመጣ እንግዳ ሻንጣ ውስጥ ማስገባትማ ከዕቃው ይልቅ ሰውየውን ማስያዝ ነው። አጎትህ መጀመሪያ ጠመንጃውን ያስመዘገበበት ፖሊስ ዘንድ ቀርቦ ስለ መነጽሩ ይጠይቅ። እነሱ ሳይፈቅዱ ፖስታ ቤት አይሂድ።

ደግሞም መነጽሩ ባይበላሽስ? ዒላማውን ሳተ ተብሎ ወደ ፋብሪካ ከሚላከው ውስጥ ብዙው ጥፋቱ የመነጽሩ አይደለም፣ ጠመንጃው ላይ የሚያስሩት ቀለበቶች ብሎን ስለላላ ነው። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለቴ አይቶ ከቀለበቱ ወደ መነጽሩ አካል የምትሻገር ቀጭን መስመር በእርሳስ ያስምር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ መስመሯ ተሰብራ፣ ግማሿ ቀለበቱ ላይ ግማሿ ሌላ ቦታ ከሆነች መነጽሩ እየተንሸራተተ ነው ማለት ነው። መፍትሔው ብሎኑን በልኩ ማጥበቅ ነው። በልኩ ያልኩት በምክንያት ነው፣ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ቱቦው ይሰረጉዳል፣ ያኔ በእውነት ተበላሸ። ውስጡ ጉም ከያዘ ግን እንዳንተው ነው፣ አይክፈተው።

እስከዚያ ድረስ ባይኖኩላርህን ሩዝ ውስጥ አትቅበረው፣ ፀሐይ ላይም አታስጣው። ሩዙ አቧራውን ያስገባበታል እንጂ ውስጥ ያለውን ውሃ አይስብም፣ ፀሐዩ ደግሞ የቀረውን ማሸጊያ ያላላዋል። በቆዳ ቦርሳው ውስጥም አታሳድረው፣ ቆዳ እርጥበት ይይዛል። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ፈልግና አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ ከሚገኙት ትንንሽ እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች አራት አምስት ጨምረህ አስቀምጠው። ሥራ ከመጣብህ የቀኙን ክዳን እንደዘጋህ በግራው ብቻ እይበት። አንድ ዓይን ስለሆነ ራስህን አያምህም፣ ቧሂት ገደል ላይ የቆመ ዋልያም በግራው ዓይን ቢሆን ከነቀንዱ ይታያል። ለእንግዳ ስታቀብለው ግን የትኛውን በኩል እንደሚያይበት አስቀድመህ ንገረው።